አኪም ተመልሶ ሲመጣ ለምን አልሳቅንም?

ጨዋታ አዋቂ የተባለ ሰው አንድን ቀልድ ለአንድ እንግዳ ሁለት ጊዜ አያወራም። ቢያወራም እንግዳው ስለ አክብሮት ጥርሱን ገለጥ ያደርግለት ይሆናል እንጂ ከልቡ አይስቅም። ይህን ከጠላ ቤት እስከ ሰርግ ዳስ፣ ከእድር ስብሰባ እስከ ለቅሶ ድንኳን የማያውቅ የለም። ፊልም ሠሪዎች ግን የሚያውቁት አይመስሉም፤ ወይም ያውቁትና ገበያው ያስረሳቸዋል። አንድ አስቂኝ ፊልም በሕዝብ ዘንድ ከተወደደ ውሎ አድሮ «ቁጥር ሁለት» መከተሉ አይቀርም። ተመልካቹም የቀድሞውን ሳቅ እያስታወሰ ተጣድፎ ይቀርባል፤ ጥቂት ፈገግ ይላል፤ ከዚያም ራሱን እየነቀነቀ ይነሣል።

ለመሆኑ ይህ የሚሆነው ለምንድን ነው? ተዋናዮቹ እነዚያው፣ ደራሲዎቹ እነዚያው፣ ገንዘቡም ከፊተኛው የበለጠ ሆኖ ሳለ ሳቁ የት ይገባል? ጥያቄውን በአንድ ፊልም ታሪክ ልንመረምረው እንሞክራለን። ፊልሙ የአሜሪካኖች ነው። ይሁን እንጂ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ በቪዲዮ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጦ ያደገ ብዙ ሰው እንደ ገዛ ንብረቱ ይቆጥረዋል። እሱም «ካሚንግ ቱ አሜሪካ» ነው።

መጥረጊያ የያዘው ልዑል

«ካሚንግ ቱ አሜሪካ» በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች መታየት የጀመረው ሰኔ 22 ቀን 1980 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁን 29 ቀን 1988) ነበር። አዘጋጁ ጆን ላንዲስ ነው። የታሪኩ አፍላቂ ዋናው ተዋናይ ኤዲ መርፊ መሆኑ በፊልሙ ላይ ተጽፏል፤ የፊልሙን ድርሰት የጻፉት ደግሞ ዴቪድ ሼፊልድና ባሪ ብላውስቲን ናቸው። መርፊ ያን ጊዜ የ27 ዓመት ወጣት ሲሆን በዝናው ጫፍ ላይ ነበር።

ታሪኩ እንደ ተረት ቀላል ነው። ዛሙንዳ በምትባል፣ በየትኛውም ካርታ ላይ በማትገኝ የአፍሪካ መንግሥት አኪም የሚባል ልዑል አለ። ከእንቅልፉ የሚነቃው በሙዚቃ ነው፤ ገላውን ሌሎች ያጥቡታል፤ ሲራመድ ከፊቱ የጽጌረዳ አበባ ይበተንለታል። 21 ዓመት ሲሞላው አይቷት የማያውቃት እጮኛ ትቀርብለታለች። ልጅቱ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የተማረችው እሱን መታዘዝ ብቻ ነው። እንደ ውሻ ጩኺ ሲላት ትጮኻለች፤ በአንድ እግርሽ ዝለይ ሲላት ትዘላለች። አኪም ግን ለማዕረጉ ሳይሆን ለሰውነቱ የምትወደው ሴት ይፈልጋል። ስለዚህ ከባልንጀራው ከሴሚ ጋር ኒውዮርክ ይገባል፤ ክዊንስ በተባለው ሰፈር ተባይ ከወረረው ቤት ክፍል ይከራያል፤ ከዚያም ሀምበርገር ቤት ገብቶ በወለል ጠራጊነት ይቀጠራል።

የሳቁ ምንጭ እዚህ ላይ ነው። እግሩ የሚያርፍበት መሬት አበባ ይነጠፍለት የነበረ ሰው መጥረጊያ ይዞ የሌሎችን እግር ኮቴ ያጸዳል፤ በዚያ ላይ ደስ ይለዋል! ማለዳ ከቤቱ ወጥቶ ጎረቤቶቹን እንደምን አደራችሁ ሲላቸው በስድብ ይመልሱለታል፤ እሱ ግን ስድቡን እንደ ሰላምታ ተቀብሎ በፈገግታ ይመልሳል። ሴሚ ድህነቱ አንገሽግሾት ለንጉሡ ገንዘብ ላኩልን ብሎ ቴሌግራም ይመታል። ተመልካቹ የሚያውቀውን ምሥጢር ሊሳ አታውቀውም፤ አባቷ ክሊዮ ማክዳወልም አያውቀውም። ይህን «መቼ ይሆን የሚታወቅበት?» የሚል ጉጉት ከፊልሙ ብታወጡት የሚቀረው ተራ የፍቅር ታሪክ ነው።

መደበቁ በታሪኩ ብቻ አያበቃም። መርፊና ጓደኛው አርሴኒዮ ሆል እያንዳንዳቸው አራት አራት ሰው ሆነው ተጫውተዋል። ፀጉር ቤት ተቀምጦ የሚከራከረው ነጭ አይሁዳዊ ሽማግሌ መርፊ ራሱ መሆኑን ብዙ ሰው ያወቀው በፊልሙ መጨረሻ የስም ዝርዝሩ ሲመጣ ነው። ያንን ፊት የሠራው ሜካፕ አዋቂው ሪክ ቤከር ነበር።

ፊልሙ በዓለም ዙሪያ ወደ 288 ሚሊዮን ዶላር አስገባ። ከዚህ በኋላ የተከተለው ነገር ራሱ ሌላ ኮሜዲ ነው። አርት ቡክዋልድ የተባለው ታዋቂ የጋዜጣ ቀልደኛ ጸሐፊ ሐሳቡ የእኔ ነው ሲል ፓራማውንት ስቱዲዮን ከሰሰ። እ.ኤ.አ. በ1990 ፍርድ ቤቱ ለቡክዋልድ ፈረደለት። የትርፉ ድርሻ ሲጠየቅ ግን ስቱዲዮው ፊልሙ እስካሁን የተጣራ ትርፍ አላገኘም የሚል የሂሳብ መዝገብ ይዞ ቀረበ! ልዑሉ ሀብቱን እንደ ደበቀ ስቱዲዮውም ሀብቱን ደበቀ። ክርክሩ በሆሊውድ የሂሳብ አያያዝ ላይ እስከ ዛሬ የሚጠቀስ ምሳሌ ሆኖ ቀርቷል።

ከእንጦጦ ወዲያ

ፊልሙ በወጣበት በ1980 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በደርግ ሥር ነበረች። አገር ለቆ ለመሄድ የመውጫ ቪዛ ያስፈልግ ነበር፤ እሱም በቀላሉ አይገኝም። ብዙ ወጣት በእግሩ ሱዳን ይገባ ነበር። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጣችው የስደተኞች ሕግ መሠረት ከሱዳን መጠለያዎች ብዙ ኢትዮጵያውያንን ተቀብላለች። ቴሌቪዥናችን አንድ ጣቢያ ብቻ ነበረው። እንዲህ ያለው ፊልም የሚገባው በቪዲዮ ካሴት ነው፤ ከካሴት ወደ ካሴት እየተገለበጠ፣ ቀለሙ እየደበዘዘ፣ ድምፁም እየሻከረ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር።

ከለውጡ በኋላ ቪዲዮ ቤት የሚባለው ነገር ተስፋፋ። በ1990ዎቹ ሱሉልታ ላይ ያደገ ልጅ ትልቅ ሲኒማ ለማየት ቢያምረው ታክሲ ይዞ እንጦጦን መሻገር፣ አዲሱ ገበያ መውረድ፣ ከዚያም ፒያሳ ዘልቆ ሲኒማ ኢትዮጵያ ወይም አምፒር ደጃፍ መሰለፍ ነበረበት። ለዚህ ደግሞ ገንዘቡም ፈቃዱም የለም። ስለዚህ ዓለምን የምናየው በቪዲዮ ቤት ነበር። በር ላይ ጥቁር መጋረጃ፣ ውስጡ አግዳሚ ወንበር፣ ውጭ ደግሞ በጠመኔ የፊልሙ ስም የተጻፈበት ሰሌዳ! የስሙ ፊደል ግድፈት በዝቶበት አንዳንዴ ፊልሙን ለይቶ ማወቅ ያስቸግር ነበር። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም የአኪምን ታሪክ መጀመሪያ ያየው እንዲህ ካለው ቤት ውስጥ ነው። እንግሊዝኛውን የሚረዳው ከአሥሩ አንዱ ቢሆን ነው። ይሁን እንጂ ልዑሉ መጥረጊያውን ሲጨብጥ ቤቱ በሳቅ ይናወጥ ነበር። መጥረጊያ ትርጉም አያስፈልገውም።

ያን ጊዜ ሱሉልታ የምትታወቀው በሜዳዋ ሣር፣ በወተቷና ወደ ጎጃም በሚወስደው አውራ ጎዳና ነው። ዛሬ ከቡራዩና ከሰበታ ጋር የሸገር ከተማ አካል ሆናለች፤ ብርዳሙን አየር ፍለጋ ሯጮች ይሠለጥኑባታል፤ ሣር ይታጨድበት ከነበረው መሬት ብዙው ላይ ግንብ ቤት ቆሟል። ከግንብ ቤቶቹም መካከል አሜሪካ ባለ ልጅ ገንዘብ የተሠራው ጥቂት አይደለም። ይህን ያነሣነው በከንቱ አይደለም፤ ከፊልሙ ጋር የሚያገናኘው ክር አለ።

ሀብቱን የደበቀና ድህነቱን የደበቀ

አሜሪካኖች አኪምን እያዩ የሳቁት በተረት ላይ ነው። እኛ የሳቅነው ግን በምናውቀው ነገር ላይ ነው። በአገሩ መምህር፣ መሐንዲስ፣ የመምሪያ ኃላፊ የነበረ ሰው ዋሽንግተን ገብቶ የመኪና ማቆሚያ ጠባቂ መሆኑን፣ ታክሲ መንዳቱን፣ የምግብ ቤት ሳሕን ማጠቡን ያልሰማ ኢትዮጵያዊ የለም። አኪም የእኛ ዘመድ ነበር። በቤቱ «ጋሼ» ተብሎ ይጠራ የነበረው ሰው በሰው አገር ስሙን እንኳ በትክክል የሚጠራለት ሲያጣ አይተናል፤ ወይም ተነግሮናል።

ልዩነቱ አንድ ነው። አኪም ሀብቱን ይደብቅ ነበር፤ የእኛ ሰው የሚደብቀው ድህነቱን ነው። ለእናቱ ፎቶግራፍ ሲልክ ከሚያብረቀርቅ መኪና አጠገብ ይቆማል፤ መኪናው ግን የሌላ ሰው ነው። በስልክ «ደህና ነኝ፣ ሥራም ጥሩ ነው» ይላል፤ የሥራውን ዓይነት ግን አይናገርም። እናትም አትጠይቅም። ከወር ወር የሚመጣውን ገንዘብ እየተቀበለች «ልጄ እኮ ትልቅ ቦታ ነው ያለው» ትላለች። ምናልባት ሁለቱም እውነቱን ያውቁታል።

እንግዲህ ሴሚ ቴሌግራም ሲመታ የሳቅነው ከዚህ የተነሣ ነው። የእኛ ሰው ገንዘብ የሚጠየቅ ነው፤ ሴሚ ግን የሚጠይቅ ሆነ! ነገሩ ተገልብጦ ሲመጣ የታመቀው ሳቅ ፈነዳ። እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣው የአሜሪካ ሕግ መሠረት የተጀመረው የዲቪ ዕጣም ከ1995 የቪዛ ዘመን አንሥቶ መንገዱን ለብዙዎች ከፈተው። ፎቶ ቤቶች በዲቪ ተሰላፊ ተጨናነቁ። በየቪዲዮ ቤቱ አኪምን እያየ ከሚስቀው መካከል በልቡ «እኔስ?» የሚል ስንቱ ነበር!

ሳቅ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ከሥሩ አንድ የተደበቀ ነገር አለ። በአማርኛችን ሰምና ወርቅ የምንለውም ከዚሁ አይርቅም። ሰሙ በገሃድ ይታያል፤ ወርቁን ያገኘ ግን ደስታው ልዩ ነው። ወርቁን አስቀድሞ አውጥቶ ለሰጠን ሰው «ቅኔ ተቀኘህ» አንለውም።

ከ33 ዓመት በኋላ

«ካሚንግ ቱ አሜሪካ» ቁጥር ሁለት የወጣው የካቲት 26 ቀን 2013 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 5 ቀን 2021) ነው። በመካከሉ 33 ዓመት አልፏል። መርፊ 60 ዓመት ሊሞላው አንድ ወር ብቻ ቀርቶት ነበር። የአኪምን እናት ንግሥቲቱን ሆና የተጫወተችው ማጅ ሲንክሌር እ.ኤ.አ. በ1995 አርፋለች። ንጉሡ ጄምስ ኧርል ጆንስ ግን አርጅቶም ቢሆን ተመልሶ ነበር፤ እሱም እ.ኤ.አ. በ2024 ዓለምን ተሰናብቷል። አዘጋጁ ክሬግ ብሩወር ነው። የቀድሞዎቹ ደራሲዎች ሼፊልድና ብላውስቲን ተመልሰዋል፤ ኬንያ ባሪስም ታክሎበታል። ዘመኑ የኮሮና ዘመን ስለነበር ፓራማውንት ፊልሙን ለአማዞን ሸጠው፤ ዋጋው ወደ 125 ሚሊዮን ዶላር እንደሆነ በጊዜው ተዘግቧል። ስለዚህም ተመልካቹ ቲኬት ቆርጦ ከሕዝብ ጋር በጨለማ አዳራሽ ሳይሆን በየቤቱ ሳሎን ተቀምጦ አየው።

ያየው ሰው ብዙ ነበር። የተደሰተው ግን ያን ያህል አልነበረም። ከተቺዎቹ በጎ የተናገሩለት ወደ ግማሽ የሚጠጉት ናቸው። በእኛም መካከል አይተው «እንዴት ነው?» ተብለው ሲጠየቁ ትከሻቸውን ነቅነቅ ያደረጉ ብዙ ናቸው። ነገሩ የከፋ ፊልም ሆኖ አይደለም። ልብሱን ያዘጋጀችው ለ«ብላክ ፓንተር» በሠራችው ልብስ ኦስካር የተሸለመችው ሩት ካርተር ናት፤ ዓይን ይማርካል። ደቡብ አፍሪካዊቷ ኖምዛሞ ምባታ በዋና ተዋናይነት፣ ናይጄሪያዊው ዘፋኝ ዳቪዶም በመድረክ ላይ ታይተውበታል። በመጀመሪያው ፊልም ያልነበረ ቁም ነገርም አለው፤ ሴት ልጅ ለምን ዙፋን አትወርስም ብሎ ይጠይቃል። ታዲያ ጉድለቱ የት ላይ ነው?

ታሪኩን እንመልከት። አኪም አሁን ሦስት ሴቶች ልጆች ያሉት ንጉሥ ሆኗል። ሕጉ ግን ወንድ ወራሽ ይጠይቃል። በዚህ መካከል በወጣትነቱ ክዊንስ ሳለ ሳያውቀው የወለደው ወንድ ልጅ እንዳለ ይነገረዋል። ሄዶ ያመጣዋል። ላቬል የተባለው ይህ ልጅ ከእናቱና ከአጎቱ ጋር ዛሙንዳ ገብቶ የልዑልነት ትምህርት ይማራል። የጎረቤቱን አገር የጄኔራል ኢዚን ልጅ እንዲያገባ ይፈለጋል፤ እሱ ግን ፀጉሩን የምትቆርጠውን ልጅ ይወዳል።

አንባቢ እንደሚያስተውለው የቀድሞው ታሪክ አቅጣጫው ተገልብጦ ተደግሟል። መገልበጡ በራሱ ባልከፋ ነበር። ሆኖም ሲገለበጥ አንድ ነገር ከኪሱ ወድቋል፤ እሱም ምሥጢሩ ነው። አኪም ልዑልነቱን ደብቆ ሄደ። ላቬል ግን ልዑል መሆኑ ከመጀመሪያው ተነግሮት፣ ታውጆለት፣ ተጨብጭቦለት ገባ። የሚደብቀው ነገር የለውም፤ ስለዚህ የሚያስጨንቀንም የሚያጓጓንም ነገር የለም። ቤተ መንግሥት ውስጥ ሞልቶ የተረፈው ሰው ቢሰናከል አበባ ላይ ነው የሚወድቀው። መጥረጊያ የያዘው ሰው ሲንሸራተት ግን ወለሉ ሲሚንቶ ነው።

ካሜራውም እንደዚሁ ነው። ዛሙንዳ በመጀመሪያውም ፊልም ውሸት ነበረች፤ ከአፍሪካ ምድር አንድም የተቀረጸ ነገር አልነበረበትም። ነገር ግን እዚያ የቆየነው ጥቂት ነው፤ ልዑሉ የሚነሣባት መንደርደሪያ እንጂ የታሪኩ ቤት አልነበረችም። የታሪኩ ቤት ክዊንስ ነበር። ክዊንስ ደግሞ እውነት ነው፤ ክረምቱ፣ ጭቃው በረዶ፣ የደረጃው ጨለማ፣ የፀጉር ቤቱ ክርክር እውነት ነው። በሁለተኛው ፊልም ታሪኩ ዛሙንዳ ላይ ሰፈረ። ዛሙንዳም በጆርጂያ ክፍለ ሀገር ተሠራች፤ ቤተ መንግሥት ተብሎ ከምናየው ውስጥ የራፕ ዘፋኙ የሪክ ሮስ መኖሪያ ቤት ይገኝበታል። ከአሜሪካ የመጣው ልጅ አፍሪካን ሊያይ ሲገባ እኛ የምናየው የአሜሪካ ባለጸጋ ሳሎን ነው! ላቬል የሚያገኘው ገበያ የለም፤ የሚሳደብ ጎረቤት የለም፤ አውቶቡስ የለም። ጄኔራሉም ወታደሮቹን ይዞ እየጨፈረ ይገባል። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ የእውነተኛ ወታደሮችን ሰልፍ ላየ አገር ይህ ቀልድ ጥርስ የለውም።

የጥርስ ነገር ካነሣን፣ የመጀመሪያው ፊልም በአሜሪካ ለአዋቂዎች ተብሎ የተመደበ ነበር፤ ሁለተኛው ለታዳጊዎችም እንዲሆን ለዝቧል። የፀጉር ቤቱ ሽማግሎች ተመልሰዋል፤ ግን አሁን ከሜካፑ በስተጀርባ ያለው ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ተመልካቹ የሚያጨበጭበው ስለሳቀ ሳይሆን ስለለያቸው ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን እጮኛዋ ናት። በ1980ው ፊልም እንደ ውሻ የጮኸችው ልጅ ቀልዷ የአንድ ሌሊት ነበር፤ ቀልዱም በእሷ ላይ ሳይሆን እንዲህ አድርጎ ባሳደጋት ሥርዓት ላይ ነው ማለት ይቻላል። በሁለተኛው ፊልም ያችው ተዋናይ ቫኔሳ ቤል ካሎዌይ ተመልሳ ትታያለች፤ አሁንም ትጮኻለች! የአንድ ሌሊቱ ቀልድ የ30 ዓመት ፍርድ ሆነባት። ስለ ሴቶች መብት የሚሟገተው ይኸው ፊልም ይህችን ሴት ረሳት። ያለፈውን ቀልድ ይቅርታ እየጠየቁበት እንደገና ሊስቁበት የፈለጉ ሰዎች ሁለቱንም ሳያገኙ ቀሩ።

ደራሲዎቹ ይህን ሳይጠረጥሩ የቀሩ አይመስልም። በፊልሙ ውስጥ ላቬልና ወዳጁ ስለ አሜሪካ ሲኒማ ሲጨዋወቱ ማንም ያልጠየቀው ተከታይ ክፍል እየተሠራ መሆኑን ያነሣሉ፤ ጥሩ የነበረውን ነገር ማበላሸት ለምን ያስፈልጋል ይባባላሉ። ተመልካቹ እዚህ ላይ ይስቃል። ከፊልሙ ሳቆች ሁሉ እውነተኛው ምናልባት ይኸኛው ነው።

የጠርሙሱ ነገር

ይህ ዕጣ በአኪም ብቻ የደረሰ አይደለም። በአፍሪካ ስም ከተሠሩ ኮሜዲዎች ሁሉ ዓለምን የዞረው ሌላው ፊልም «ዘ ጎድስ መስት ቢ ክሬዚ» ነው። የደቡብ አፍሪካው ጄሚ ዩስ እ.ኤ.አ. በ1980 ያወጣው ነው። ከአውሮፕላን የተወረወረ ባዶ የኮካ ኮላ ጠርሙስ ካላሃሪ በረሃ ላይ ይወድቃል፤ የሳን ሰዎች የአማልክት ስጦታ ነው ብለው ይወስዱታል፤ ሁሉም ሲፈልገው ጠብ ይነሣል፤ አንዱ ሰው ጠርሙሱን ከዓለም ጫፍ ሊጥለው ጉዞ ይጀምራል። በአፓርታይድ ዘመን በመሠራቱና ሰዎቹን እንደ ሕፃን በማሳየቱ ብዙ ተወቅሷል፤ ወቀሳውም ተገቢ ነው። ጠርሙሱ ግን ድንቅ ሐሳብ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1989 ቁጥር ሁለት ወጣ። ዋናው ተዋናይ ኒካው ተመልሷል፤ በረሃውም ያው በረሃ ነው። አሁን የሚሮጠው በአዳኞች መኪና ላይ ወጥተው የተወሰዱበትን ልጆቹን ፍለጋ ነው። ያስቃል፤ ግን ጠርሙሱ የለም። ተራ የሆነው ነገር በባዕድ ዓይን እንግዳ ሆኖ የሚታይበት ያ የመጀመሪያው ድንጋጤ አልተመለሰም። ከዚያም የሆንግ ኮንግ ፊልም ሠሪዎች ኒካውን ወስደው ሌሎች ተከታዮች ሠሩበት፤ አንዱም ሆንግ ኮንግ ከተማ ውስጥ ያዞረዋል። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ2003 ሲሞት ዓለም ያስታወሰው በዚያው በመጀመሪያው ጠርሙስ ነው።

አለቃ ገብረ ሃና ስንት ክፍል አላቸው?

«ታዲያ ኮሜዲ ተከታይ ሊኖረው አይገባም ማለት ነው?» የሚል አይጠፋም። አይደለም። በእኛው አገር ከመቶ ዓመት በላይ ሲከታተል የኖረ ኮሜዲ አለ፤ የአለቃ ገብረ ሃና ነው። እኚህ የጎንደር ሊቅ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖሩ፣ ተክሌ ከሚባለው አቋቋም ጋር ስማቸው የተያያዘ የቤተ ክርስቲያን ሰው ናቸው። በሕዝብ አፍ ግን ከሊቅነታቸው ይልቅ ቀልዳቸው ገነነ። ከሞቱም በኋላ ሌሎች የፈጠሩት ጨዋታ ሁሉ በስማቸው ይነገራል። አንዱን ሰምተን ስንጨርስ «ሌላስ?» እንላለን። ለምን አይሰለቹንም?

ምክንያቱ ይመስለናል፣ እያንዳንዱ ጨዋታ አለቃን አዲስ ጣጣ ውስጥ ይከታቸዋል። አንድ ቀን ንጉሥ ፊት ናቸው፤ ሌላ ቀን አህያ ነጂ ይገጥማቸዋል፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ባለቤታቸው ወይዘሮ ማዘንጊያ አፋጠው ይይዟቸዋል። አንዳንዴም አለቃ ራሳቸው ይሸነፋሉ። ሰውየው ያው ናቸው፤ ጭንቁ ግን አዲስ ነው። ተራኪው ያለፈውን ጨዋታ አያስታውሰንም፤ ያን ጊዜ እንዲህ ብለው ነበር እያለ ጭብጨባ አይለምንም። የሁለተኛው አኪም ጉድለት የዚህ ግልባጭ ነው፤ ሰውየውን መልሶ አመጣው፤ ጭንቁን ግን እቤት ትቶት መጣ።

የሚያስቆጨውም ጭንቁ ጠፍቶ ሳይሆን በእጅ እያለ መባከኑ ነው። በአሜሪካ ተወልዶ ያደገ ልጅ የአባቱን አገር መጀመሪያ ሲረግጥ ምን ይሆናል? ይህ ዛሙንዳን አይፈልግም። ከዋሽንግተን የመጣ የ18 ዓመት ወጣት ሱሉልታ ላይ አያቱ ፊት ተቀምጧል እንበል። አያት ጉንጩን አገላብጣ እየሳመች ታለቅሳለች፤ የምትናገረው አማርኛ ወይም ኦሮምኛ ነው፤ እሱ የሚያውቀው ከሁለት ቃል አይበልጥም። እንጀራውን ስታጎርሰው በቃኝ ማለት አይችልም። አባቱ ለ20 ዓመት ደብቆ የኖረውን የሥራውን ዓይነት ልጁ ሳያውቅ በአንዲት ቃል ሊያወጣው ይችላል፤ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ እየሰማ! ይህ ሰው ከወንበር ላይ እስኪወድቅ የሚያስቅ ነገር ነው፤ ከሳቁ በኋላም ዝም የሚያሰኝ ነገር ነው። ሁለተኛው ፊልም ይህን በር ከፍቶ ሳይገባበት አለፈ። ልጁን ከአባቱ አገር ጋር ሳይሆን ከአባቱ ሀብት ጋር አስተዋወቀው። ቅሬታችን የበረታውም ስለዚህ ይመስለናል፤ የተነካው ታሪክ የእኛ ነበርና።

የአገራችንም ፊልም በዚሁ መንገድ ላይ ነው። በሲዲና በሲኒማ ቤት የተወደዱ ኮሜዲዎቻችን ቁጥር እየተጨመረባቸው መውጣት ከጀመሩ ቆይተዋል፤ «የወንዶች ጉዳይ» እና «ያበደች የአራዳ ልጅ» ለዚህ ይጠቀሳሉ። ቁጥር መጨመሩ ነውር የለበትም፤ የፊልም ሥራ ከኪሳራ ጋር የሚታገል ሥራ ነውና የተወደደ ስም ይዞ መነሣት ማንንም አያስወቅስም። ነገር ግን አንድ አዘጋጅ ቁጥር ሁለትን ሊጽፍ ሲቀመጥ «ሕዝቡ ባለፈው በምን ሳቀ?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ ፀጉር ቤት፣ ውሻ ጩኸትና አሮጌ ካፖርት ይሆንበታል፤ እነዚህንም ሰብስቦ ያመጣቸዋል። «ሕዝቡ ሲስቅ ምን ደብቆ ነበር?» ብሎ ቢጠይቅ ግን ሌላ መልስ ያገኛል። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የቪዲዮ ቤት ተመልካች የደበቀው የስደት ፍርሃቱንና ምኞቱን ነበር። የዛሬው ተመልካች የደበቀው ሌላ ነው፤ እሱን ፈልጎ የሚያገኝ ሰው የድሮውን ስም ቢጠቀምም ባይጠቀምም ያስቀናል።